አሥራ አንድ ሰከንድ

የሐበሻ ቀጠሮ የሚባለውን ስም ብቻዬን ላጠፋ የተነሳሁ ሰው ነበርኩ። ላስቬጋስ ውስጥ ክርስትና ወይም ልደት ስጠራ፣ ባለቤቶቹ ገና ሻወር ውስጥ እያሉ በር የማንኳኳው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ቀድሜ ደርሼ ፊኛ ስነፋና ወንበር ስደረድር የቆየሁበት ቤት፣ ኋላ የመጡት እንግዶች የቤቱ ጌታ መስያቸው ስጦታቸውን ለኔ አስረከቡኝ። ጓደኞቼ "ይሄ ሰውዬ ከእናቱ ሆድ የወጣውም በቀጠሮው ነው" እያሉ ይተርቡኛል። እኔ ግን እንደ ምስጋና ነበር የምቀበለው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መሀል ዊንቸስተር በምትባል የላስቬጋስ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል አፓርታማ ተከራይቼ እኖር ነበር። ሥራዬ ካዚኖ ውስጥ ነው። መጥረጊያና እጀታው ረጅም የሆነ ማፈሻ ይዤ በቁማር ማሽኖቹ መሀል እየዞርኩ የሲጋራ ቁራጭ እለቅማለሁ፣ መተርኮሻ እደፋለሁ። ሺፍቴ ከንጋቱ አሥር ሰዓት እስከ ቀኑ ስድስት ስለነበር ከሰዓት በኋላው የራሴ ነው። ከአፓርታማችን ማዶ አንድ ሃይስኩል አለ፤ የስፖርት ሜዳው ከበረንዳዬ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአሜሪካ ፉትቦልን ያወቅኩት እዚያ በረንዳ ላይ ቆሜ ነው። መጀመሪያ ሳየው አንድ ነገር ጠፍቶባቸው እርስ በርስ የሚፈታተሹ ነበር የመሰለኝ። እያደር ግን ከበረንዳው ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ተመልካች ወንበሩ ተጠጋሁ።

የትምህርት ቤቱ የስፖርት ኃላፊ ጨዋታ ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ተቀምጬ የምገኝ እኔ ብቻ መሆኔን ሳያስተውል አልቀረም። አንድ ቀን የጨዋታ ሰዓት የሚይዝላቸው ሰው ሲልቬራዶ ራንች በኩል አዲስ ቤት ገዝቶ ራቀባቸው።

"ሰዓት መያዝ ትችላለህ?" አለኝ።

"ከሱ ሌላ የምችለው ነገር የለም" አልኩት። የእውነቴን ነው።

ሰዓት መያዝ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። በኛ ኳስ ቢሆንማ ቀላል ነው፤ ዳኛው ይነፋል፣ አርባ አምስት ደቂቃ ይነጉዳል፣ ሰዓቱም ዳኛው እጅ ላይ ነው። በነሱ ፉትቦል ግን ሰዓቱ ሲቆም ሲነሳ ነው የሚውለው። ኳስ የያዘው ልጅ ከመስመር ውጭ ከወጣ ይቆማል። የተወረወረው ኳስ ሳይያዝ መሬት ከነካ ይቆማል። ልጁ ሜዳው ውስጥ ተይዞ ከወደቀ ግን ይቀጥላል። ስለዚህ መጨረሻው ላይ የሚመራው ቡድን ሰዓቱ እንዲበር፣ ወደ ኋላ የቀረው ደግሞ እንዲቆም ይጸልያል፤ የሁለቱም ጸሎት የሚያርፈው እኔ ጣት ላይ ነው። የምቀመጠው ከተመልካቹ ወንበሮች አናት ላይ በተሠራች የእንጨት ክፍል ውስጥ ነበር። አንዲት ሳጥን አለችኝ፤ ሳጥኗ ላይ አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ። ወደ ላይ ሲሏት ሜዳው ጥግ የቆመው ሰሌዳ ሰዓቱን ወደ ዜሮ እየቆጠረ ይሄዳል፣ ወደ ታች ሲሏት ይቆማል። ሁለተኛው ወንበር ላይ ጨዋታውን በማይክሮፎን የሚያሳውቅ አንድ የታሪክ መምህር ይቀመጣል።

ያወጣኋት አንዲት ልማድ ነበረችኝ። ጨዋታው በቆመ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር በአማርኛ ድምፄን አሰምቼ እላለሁ። "ሰባት ከሃያ።" "ስድስት ከአርባ ሦስት።" አፌ ካለው አይረሳኝም። መምህሩ ለብዙ ሳምንት የምጸልይ መስሎት ድምፁን ዝቅ ያደርግልኝ ነበር።

ከዳኞቹ ሁሉ የበላይ የሆነው ነጭ ኮፍያ ያደርጋል፤ ሌሎቹ ጥቁር ነው። የኛ ነጭ ኮፍያ አንገተ ወፍራም፣ ሳቅ የማያውቅ ሰውዬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ያንን ሁሉ የብረት ደረጃ ወጥቶ መጣና "ሰሌዳው ላይ ያለው ሰዓት የኔ ነው። አንተ እጄ ነህ" አለኝ። "ብትሳሳት ንገረኝ፣ አስተካክለዋለሁ። መጨረሻ ላይ ግን ሰሌዳው ዜሮ ስላለ ጨዋታው አላለቀም። የሚያልቀው እኔ ኳሷን ከራሴ በላይ ሳነሳ ነው። ካነሳሁ በኋላ ግን ብታለቅስም አልሰማህም።"

ሕጉን ለማወቅ መጽሐፉን ወስጄ በመዝገበ ቃላት አነበብኩት። ደስ ያለኝ ግን ሕጉ ለዚያ ሰውዬ ዓይንና ፍርድ የተወለት ቦታ ነው። አንድ ሐሙስ የእንግዳው ቡድን ልጆች ሰዓት ለማስቆም ብለው በየተራ "እግሬን" እያሉ መውደቅ ጀመሩ። አንዱ ተነሳ፣ ሌላው ወደቀ። ነጭ ኮፍያ ሦስተኛው ላይ ጎንበስ ብሎ አየው። ልጁ በአንድ ዓይኑ ሰሌዳውን ይመለከታል። ነጭ ኮፍያ ቀና አለና፣ ልጁ ከሜዳ እንደወጣ ክንዱን አዙሮ ሰዓቱ ይሂድ አለኝ። የእንግዳው አሰልጣኝ ጮኸ፣ ኮፍያውን መሬት ላይ ፈጠፈጠ፤ ሰውዬው ዞር ብሎም አላየው። እኔ ከላይ ሆኜ በደስታ ልሞት ነበር።

ያን ጊዜ ፍቅር ላይ ነበርኩ። ቤተክርስቲያን የተዋወቅኳት ልጅ ናት፤ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፣ ስትስቅ ሰው ዞር ይላል። እሷ እሺ ብላኛለች። የቀረው አባቷ ናቸው። አባቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አዋሽ ላይ የባቡር ጣቢያ ሹም ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሱፍና ባርኔጣ ከላያቸው የማይጠፋ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ ለሁለት ወር መጥተው ነበር። ሳይመለሱ ሽማግሌ ልኬ ካላስጠየቅኳት፣ ከዚያ በኋላ በደብዳቤና በስልክ የሚሆን ነገር አልነበረም።

የተዋወቅን ቀን የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ሥራህ ምንድነው?" የሚል ነበር። አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ።

"ትምህርት ቤት ሰዓት ይይዛል፣ አባዬ።"

ውሸት አይደለም፤ በሳምንት አንድ ቀን እይዛለሁ። ካዚኖ የሚለውን ቃል አባቷ ፊት መጥራት ፈርታ ነው። እኔም ፈርቼ ዝም አልኩ። ሰዓት ሲባል የሽማግሌው ዓይን በራ፤ ከዚያ ጠጋ ብለው ጨበጡኝና አፍንጫቸውን ትንሽ ነፋ አደረጉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁማር ያለበት ነገር እንዳያዩ ስንል ቅዳሜና እሁድ ወደ ቦልደር ሲቲ ይዘናቸው መሄድ ሥራችን ሆነ፤ እዚያ ካዚኖ የሚባል የለም። በአራተኛው ጉዟችን "ከዚህች ከተማ ሌላ አገር የላችሁም?" አሉን።

አንድ ማታ ልጅቷ ደወለችልኝ። "አባዬ ምን እንዳለ ታውቃለህ? ደህና ልጅ ይመስላል፤ ግን የሚደብቀኝ ነገር አለ። ለሚደብቅ ሰው ልጄን አልሰጥም አለ።" እንቅልፌ ጠፋ። ልጅቷን ሊጠይቁልኝ ያዘጋጀኋቸው ሽማግሌዎች አባቷ ዘንድ የሚሄዱት እሁድ ነው። እውነቱን ለአባትሽ እንንገራቸው ስላት "ዌይት አድርግ፣ ሐሙስ ሺፍቴን ቼንጅ አድርጌ ጨዋታው ላይ አመጣዋለሁ" አለችኝ። "ሰዓት ሲይዝ ልየው ብሏል። ሥራህን አይቶ ደስ ይበለው፣ የቀረውን ከዚያ እንነግረዋለን።"

ሐሙስ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር፤ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ የቬጋስ ፀሐይ ሰው የሚሆንበት ጊዜ። የኛ ቡድን በዚያ ዓመት አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። አባትና ልጅን ጥላ ያለበት ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ውሃ ይዤላቸው መጥቼ፣ ወደ ክፍሌ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ ባርኔጣቸው ይታየኛል። ባርኔጣው አንድም ጊዜ ወደ ሜዳው አልዞረም፤ ሰሌዳውን ብቻ ነበር የሚያየው። ሰዓቱ ሲቆም ወደ ላይ ወደኔ ቀና ይላሉ፣ ሲነሳ ደግሞ ወደ ሰሌዳው። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ጠንቅቄ ሰዓት ይዤ አላውቅም።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ቡድናችን በአራት ነጥብ እየመራ ነው። እንግዶቹ ኳሷን ይዘው መጨረሻው መስመር አጠገብ ደርሰዋል፤ ካሻገሯት ስድስት ነጥብ ነው፣ አለቀልን። አንዱ ልጃቸው ኳስ ታቅፎ ወደ ዳር ሮጠና ከመስመር ወጣ። ፊሽካ ተነፋ። ሰሌዳውን አየሁ። "አሥራ አንድ" አልኩ።

ይኼኔ በስተኋላዬ በሩ ተከፈተና ባርኔጣው ገባ።

ለአማት፣ ያውም ገና አማት ላልሆነ አማት፣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሐበሻ ካለ አላየሁትም። እጄ ወደ ማብሪያ ማጥፊያዋ ሳይሆን ወደ ወንበሩ ነው የሮጠው። ተፈናጥሬ ተነሳሁ።

"ኖር!" አልኩ።

"በእግዜር፣ በእግዜር። ተቀመጥ ልጄ።"

"እርስዎ ይቀመጡ፣ አባባ።"

"ኧረ ሥራ ላይ ነህ፣ ተቀመጥ።"

"በሞቴ አባባ።"

"ሞት ይርሳህ፣ አይሆንም።"

"በሞቴ ብያለሁ!"

ትከሻቸውን ይዤ በግድ አስቀመጥኳቸው። ልክ ወገባቸው ወንበሩን ሲነካ የጨዋታው ማብቂያ ጥሩንባ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ሰሌዳው ዜሮ ነበር። ሰዓቱን ሳላቆመው አሥራ አንዷን ሰከንድ በሞቴ ስንባባል ጨርሰናታል።

ታች ያለው ሁኔታ ሌላ ነው። ልጆቻችን ሜዳ ውስጥ ተቃቅፈው ይዘላሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ያላገኟት ድል መጣችላቸው። እናቶች ያለቅሳሉ። የታሪክ መምህሩ ራሱ ቆሞ ያጨበጭባል። የእንግዶቹ አሰልጣኝ ነጭ ኮፍያ ፊት ቆሞ እጁን ወደኛ ክፍል ይቀስራል። ነጭ ኮፍያ ኳሷን ጎኑ ላይ እንደያዘ ቆሟል። አላነሳትም። ቀና ብሎ እኔን ያያል።

ዝም ብል የሚያውቅ የለም። እውነቱን ለመናገር ዝም ማለት አምሮኝ ነበር፤ የተሳሳትኩት አማቴ ሊሆኑ የመጡት ሰው ፊት ነው፣ ሊያዩ የመጡት ደግሞ ይህንኑ ሥራዬን ነው። ስህተቴን ከነገርኩ ሽማግሌዎቹ እሁድ ምን ይዘው ይሄዳሉ? ግን ሰውዬው እጄ ነህ ብሎኛል፤ ኳሷንም ጎኑ ላይ ይዞ እየጠበቀኝ ነው። ማይክሮፎኑን ከመምህሩ ፊት አነሳሁ።

"ዳኛ፣ እባክህ" አልኩ በእንግሊዝኛዬ። ድምፄ ከሜዳው ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ተመልሶ መጣብኝ። "ሰዓቱን ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ዝላዩ ቆመ። ነጭ ኮፍያ የሩጫውን መም ተሻግሮ ከክፍላችን በታች መጣና ቀና ብሎ "ስንት ነበር?" አለኝ።

እንደዚያ ሲጠይቀኝ ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ። አሥራ አንድ ነው አሥራ ሁለት? ስንት ነበር ያልኩት?

"ምንድነው የሚለው?" አሉ ሽማግሌው ከወንበሩ ላይ።

"ስንት ሰከንድ ነበር ነው የሚለኝ፣ አባባ።"

"ስገባ አሥራ አንድ ብለሃል" አሉ። "በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

አሥሩንም ጣቶቼን ዘረጋሁ፣ ከዚያ አንድ ጨመርኩ። ነጭ ኮፍያ ለትንሽ ጊዜ አየኝ። ከፈለገ አላምንህም ብሎ ኳሷን ማንሳት ይችላል፤ ያ ለሱ የተተወ ነው። ዞር አለና ተጫዋቾቹን ወደ ቦታቸው መለሰ። ሰሌዳው ላይ አሥራ አንድ እንድመልስ ምልክት ሰጠኝ። መለስኩ።

የቀረውን ቆሜ ነው የያዝኩት፤ ወንበሬ ላይ ሰው አለ። እንግዶቹ ወረወሩ፣ ኳሷ መሬት ነካች። "አምስት" አልኩ፤ አቆምኩ። እንደገና ወረወሩ። አንድ ቀጭን ልጃቸው ጥጉ ላይ ዘሎ በሁለት እጁ ያዛትና ከመጨረሻው መስመር ማዶ ወደቀ። ስድስት ነጥብ። ዜሮ። ነጭ ኮፍያ ኳሷን ከራሱ በላይ አነሳት። ተሸነፍን።

ከዚያ የኛ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ላይ አዞረ። ጩኸቱን እኔ ተረድቼዋለሁ፤ እዚህ የሚጻፍ አይደለም። እሷ አባቷን ተከትላ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

"ምን እያሉት ነው?" ብለው ልጃቸውን ጠየቋት።

"እያመሰገኑት ነው፣ አባዬ።"

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባቡር የዘገየበት ሰው ሁሉ ሲጮህብኝ ነው የኖርኩት" አሉ። "ምስጋና ይሄን ድምፅ የለውም።"

መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። ሕዝቡ እስኪበተን ጠብቀን በብረት ደረጃው መውረድ ጀመርን፤ እኔ ከፊት፣ እሳቸው ትከሻዬን ተደግፈው፣ እሷ ከኋላ። መሀሉ ላይ ስንደርስ ከዚህ በላይ የሚጠፋ ነገር የለም ብዬ ቆምኩ።

"አባባ፣ እኔ የምሠራው ካዚኖ ነው። ወለል እጠርጋለሁ። ሰዓት የምይዘው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው።"

ከኋላ ልጅቷ ትንፋሿን ስትውጥ ሰማኋት። ሽማግሌው እጃቸውን ከትከሻዬ አላነሱም።

"አውቃለሁ" አሉ። "ሲጋራ አታጨስም፤ ሸሚዝህ ግን የመቶ ሰው ሲጋራ ይሸታል። መቼ ትነግረኛለህ እያልኩ ስጠብቅ ነበር። ቦልደር ሲቲንማ እንደ ሰፈሬ አወቅኳት።"

እሳቸው አንድ ደረጃ ወረዱና ከኔ እኩል ቆሙ።

"በሠላሳ ዓመት ውስጥ 'ባቡሩን ያዘገየሁት እኔ ነኝ' ብሎኝ የሚያውቅ ሠራተኛ ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንተ ሦስተኛ ነህ፤ ያውም በማይክሮፎን።" ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። "እሁድ ሽማግሌዎችህ ይመጣሉ አይደል?"

"አዎ አባባ፣ ከቅዳሴ በኋላ።"

"ቀጠሮ ሰጥቼ እመልሳቸዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ ሥርዓት ነው። ፊቴንም አጠቁርባቸዋለሁ። አንተ ግን እንዳትደነግጥ።"

ይህን ብለው ወረዱ። እሷ አጠገቤ ስታልፍ እጄን ጭምቅ አደረገችኝ። እዚያው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩና ብቻዬን እንደ ሞኝ ሳቅሁ። ሜዳውን ሲያቋርጥ የነበረው ነጭ ኮፍያ ቀና ብሎ አየኝና እሱም ሳቀ፤ ጥርስ እንዳለው ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

እሁድ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከአባቷ ዘንድ ወደኔ አፓርታማ ተመልሰው መጡ። ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተዋል። በዕድሜ ትልቁ፣ ታክሲ የሚነዱት፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ልጄ" አሉኝ፣ "ሰውዬው ከባድ ነው። እንዲህ ዓይነት ፊት አይቼ አላውቅም። የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ሰጥቶናል። ተስፋ አትቁረጥ፣ እኛም አንተኛም።"

እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስኩ። አልሆነም። ሳቁ ከሆዴ ተነሥቶ መጣና አጎነበሰኝ፤ እንባዬ ወረደ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ።

"ውሃ ስጡት" አሉ ታክሲ ነጂው በዝግታ። "ሐዘን አንዳንዱን ሰው እንዲህ ያደርገዋል።"